ማንቆርቆሪያውን የደፋችው መኪና

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት ክረምቱ እንደወጣ፣ እዚሁ መካነ ሰላም ነው። እስካሁን ጎረቤታችንን ሼህ ሙሄን መንገድ ላይ ባገኘኋቸው ቁጥር ሳቄ ያመልጠኛል። እሳቸውም የጥምጣማቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ አድርገው ያልፋሉ።

ከዓረብ አገር ስመለስ ዘመድ አዝማዱ ወርቅ ሲጠብቅ፣ እኔ ከሻንጣዬ ያወጣሁት ክንድ የምታህል የእሽቅድምድም መኪና ነበር። በሪሞት ነው የምትነዳው። ያሳደግሁት የአሠሪዎቼ ልጅ አዲስ ሲገዛለት አሮጌዋን ለኔ ሰጠኝ። "ካንቺ በላይ የሚያውቃት የለም" ነበር ያለኝ። እውነቱን ነው። በየጁምዓው አሸዋ ሜዳ ላይ ሲሽቀዳደም ውሎ ሲመጣ አሸዋዋን በብሩሽ የማራግፍ፣ ኩሽኔታዎቿን አጥቤ ዘይት የምቀባ፣ የላላ ብሎን የማጠብቅ እኔ ነበርኩ። ዛሬም ልጁ ሲናፍቀኝ ካቻቢቴ አንስቼ እፈታታታለሁ።

የሪሞቷ አንቴና ላይ ቀይ ጨርቅ ታስሯል። እዚያ ሜዳ ላይ ተወዳዳሪው ሁሉ ሪሞቱ ላይ ባለቀለም ጨርቅ ያስር ነበር፤ የኛ ልጅ ቀለም ቀይ ነው። እኔ ለጌጥ ይመስለኝ ነበር። እናቴ ደግሞ ለሰው ዓይን ነው ብላ በጣም ወደደችው።

አንድ ቀን ከባጃጅ ጋራዥ ለምኜ ባመጣኋት ሞላ የኋላ እግሯን ጠገንኩ። ባትሪዋ እስከ መቼ እንደሚቆይ ለማየት ማብሪያዋን ከፍቼ ቤት ውስጥ ጥግ አስቀመጥኳትና ልብስ ላሰጣ ወጣሁ። ሪሞቱ መስኮቱ ላይ ነው፣ ማንም አልነካውም። እናቴ ትንሽ ዘግይታ አሱርን፣ የከሰዓቱን ሰላት፣ ትሰግዳለች።

መኪናዋ ለብቻዋ ተነሳች። ቤቱን አቋርጣ የውዱእ ማንቆርቆሪያውን ደፋች፤ ከዚያ ወደ ግራ ታጥፋ የእናቴ መስገጃ ጫፍ ላይ ቆመች። እናቴ ሰላቷን አላቋረጠችም። ወደ ቀኝና ወደ ግራ ሰላምታዋን ሰጥታ ከጨረሰች በኋላ ነው ኡኡ ያለችው።

"ይቺ ነገር ጂን ሰፍሮባታል! ወይ እሷ ትውጣ ወይ እኔ ልውጣ!"

ሽቦዎቿን አንድ በአንድ አየሁ። ሞተሯን አወጣሁ፣ ጥርሶቿን አጸዳሁ፣ መልሼ ገጠምኩ። ምንም አላገኘሁም። በማግስቱም እንደገና አብርቼ ባስቀምጣት፣ ከአሱር በኋላ እናቴ ዓይኗ እያየ ያው ሆነ። አሁን እኔም ትንሽ ፈራሁ፤ አልዋሽም።

እናቴ ፈረደች፤ ሼህ ሙሄ መጥተው ዱዓ ያደርጉባታል፣ አሁንም ካልተወች ገደል ትገባለች። እናቴ ደግሞ ካለች አለች ነው። ከዚያ ሁሉ የስደት ዘመን በእጄ የቀረችው መኪናዋ ብቻ ነበረች። ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።

ሼህ ሙሄ ልጆችን ቁርአን እያስቀሩ የሚያስተምሩ፣ ሰፈሩ ሁሉ የሚያከብራቸው አባት ናቸው። ግቢያችንን ከሳቸው ግቢ የሚለየው አንድ የድንጋይ አጥር ነው። መቁጠሪያቸውን ይዘው ገቡና መኪናዋን ሲያዩ ፊታቸው ልውጥ አለ።

"የምትነሳው ከአሱር በኋላ ነው?" አሉ።

"አዎ።"

"ወደ ግራ ትታጠፋለች?"

"እንዴት አወቁ!" አለች እናቴ፤ ይባስ ብላ አመነች። ሼሁ የሚጠጣ ውሃ ለመኑ። እናቴ ልታመጣ እንደወጣች ወደኔ ጎንበስ አሉ።

"ሐዋ፣ ልጄ፣ እኔም ቤት አለች።"

"ምን?"

"መኪና። አንዳንድ ቀን ጠዋት ላወጣት ስል ሳልነዳት ትነሳለች። ቁርአን እየቀራሁባት ነው የከረምኩ፣ ወላሂ።"

ሴት ልጃቸው ከጅዳ፣ እሳቸው ጋ ለሚያድገው ልጇ የላከችው ነው። ልጁ ግን ገና ዳዴ የሚል ሕፃን ነው። ታዲያ ማን ይነዳታል ብላቸው መቁጠሪያቸውን ማየት ጀመሩ።

"እስኪያድግ ከአሱር በኋላ ግቢዬን ወደ ግራ እያዞርኩ እያሟሸሁለት ነው።"

ጠዋት ጠዋት ደግሞ የኔዋን የምነዳት እኔ ነኝ። ይህን ሳስብ ዓይኔ ቀይዋ ጨርቅ ላይ አረፈ። ለካ ጌጥ አልነበረችም! ሁለት ሪሞት በአንድ የሬዲዮ ሞገድ ከሠራ አንዱ የሌላውን መኪና ያዝዛል። ያ ሁሉ ተወዳዳሪ ጨርቅ የሚያስረው፣ ባለ አንድ ቀለሞቹ ተራ በተራ እንዲነዱ ነው። ስንት ዓመት አብሬያቸው ቆሜ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅሁም።

"አብሽሩ፣ ጂን የለም" አልኳቸው። ቤታቸው ሄደው መኪናዋን እንዲያበሩ፣ የራሳቸውን ሪሞት ግን እንዳይነኩ ነገርኳቸው። እኔ ከኛ ግቢ ሪሞቴን ተጫንኩ። ከአጥሩ ማዶ ጀሪካን ሲወድቅና ዶሮዎች ሲንጫጩ ተሰማ።

"ሱብሃነላህ!" አሉ ሼሁ። ቀጥለው ደግሞ፣ "እስኪ ወደ ቀኝ!"

እናቴ ውሃውን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። ነገሩ ሲገባት ወደ አጥሩ ሄደች።

"ታዲያ ሼህ ሙሄ፣ ሰላቴን ሲበጠብጡ የከረሙት እርስዎ ነዎት?"

"አፉ በይኝ!" የሚል ድምፅ መጣ። ከዚያ ሳቃቸው ተከተለ። እናቴም ሳቀች፤ እኔማ መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

በዚያው ሰሞን የሳቸውን መኪና ፈታሁላቸው። ኩሽኔታዎቹን የኑግ ዘይት አጠጥተዋቸው አቧራው እንደ ጭቃ ተለጥፎባቸዋል። አጥቤ አሳየኋቸው፤ አሁን ራሳቸው ያጥባሉ። ብሎን ሲላላ በአጥሩ ይጠሩኛል። ከመጣሁ ጀምሮ ስለ አሸዋ ሜዳውና ስለዚያ ዘመን ለማንም አላወራም ነበር፤ ዛሬ የማወራለት ሰው አለኝ። ያ ልጅ ቢያየን ደስ ይለው ነበር።

ሕጋችን አንድ ነው። ቀይዋ ጨርቅ በአጥሩ ላይ ትመላለሳለች፤ ጨርቋ ያለችበት ግቢ ይነዳል፣ ሌላው ያጠፋል። ይህን ለመጻፍ ጊዜ ያገኘሁትም ጨርቋ እሳቸው ጋ ስላለች ነው። እናቴ ግን መታገስ አቅቷት አጥሩ ስር ቆማለች።

"ሼህ ሙሄ፣ ኧረ በአላህ፣ ተራችን ደርሷል!"