«ታይቷል» እና «ይታያል»

«ታይቷል» የምትለዋን ቃል ስሰማ እስካሁን ደሜ ይፈላል። ግንባታ ቦታ ላይ ትልቅ ቃል ናት፤ ተቆጣጣሪው መሐንዲስ ብረቱን መርምሮ ፈቅዷል፣ አርማታው ይሞላ ማለት ናት። ቢሮ ውስጥ ደግሞ «ይታያል» የምትባል እህት አለቻት። እሷ አሁን አትነዝንዙኝ፣ ሂዱልኝ ማለት ናት። በእነዚህ ሁለት ቃላት የተነሳ የአንድ ሰው የእንጀራ ገመድ ሲበጠስ ቁጭ ብዬ አይቻለሁ።

ሰውየው ፌራዮ ናቸው፤ ብረት እየቆረጡና እያጠፉ የሚያስሩ። ስልሳ ሊሞላቸው ምንም አልቀራቸውም። ቤታቸው ሲዳሙ አፎ ነው የሚናገሩት፣ አማርኛውን የለመዱት ሥራ ላይ ነው። ስለዚህ አንድ ቃል ከተናገሩ ያችኑ ማለታቸው ነው፤ ሌላውም ሰው እንደዚያ ይመስላቸዋል። እኔ የተቋራጩ የሳይት መሐንዲስ ነበርኩ። ከመናኸሪያ ጀርባ ባለ አራት ፎቅ ስናቆም ስድስት ወር አብረን ከርመናል። እሳቸው «ልጄ» ይሉኛል፣ እኔ «ጋሼ» እላቸዋለሁ።

የዚያን ቀን የሁለተኛው ፎቅ በረንዳ ሊሞላ ነው። ተቆጣጣሪው ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ወጣ። ጋሼ «እዚህ ጋ የላይኛው ብረት ሳስቷል፣ የሚበቃ አይመስለኝም» አሉት። ስልኩን ከጆሮው ሳያነሳ «ይታያል፣ ይታያል» ብሏቸው ወረደና መኪናውን አስነስቶ ሄደ። ይህን የሰማሁት ኋላ ነው። እኔ ከታች ሆኜ «ጋሼ፣ ታይቷል?» ብዬ ጮህኩ። «ታይቷል» አሉኝ። ምን ይበሉ ታዲያ? ተቆጣጣሪው ቆሞ አይቷል፣ በአፉም ይታያል ብሏል፤ ለእሳቸው ያው አየሁት ማለት ነው። መሰላሉን ወጥቶ ብረቱን በዓይን ማየት የእኔ ሥራ ነበር። አልወጣሁም። ከሐይቁ በኩል ደመናው ጠቁሮ ስለነበር ዝናብ ሳይቀድመን ብዬ «ሙሉት» አልኩ።

ከሳምንታት በኋላ ከሥር የተሸከመው የእንጨት ድጋፍ ሲነሳ በረንዳው ከግድግዳው ጋር በሚገናኝበት ላይ ተሰነጠቀ። ይፍረስ ተባለ። እሺ፣ ይፍረስ፤ ሰው ሳይቆምበት መሰንጠቁም ተመስገን ነው። አንጀቴን ያሳረረው ስብሰባው ነው።

የድርጅታችን ሥራ አስኪያጅ «በመተማመን እንሥራ» የሚል የሥልጠና ወረቀት ግድግዳው ላይ አስለጥፎ፣ ለስላሳ አስደርድሮ ጠበቀን። «እኛ አንድ ቤተሰብ ነን» ብሎ ጀመረ። ጉድ እኮ ነው፤ ከቤተሰቡ ማን ይባረር ብለን እኮ ነው የተሰበሰብነው። ተቆጣጣሪው እግሩን አጣምሮ «እኔ አልፈቀድኩም። ያልኩት ይታያል ነው። ታይቷል ብሎ የዋሸው ፌራዮው ነው» አለ። አባቱ የሚሆኑትን ሰው ነው «የዋሸው» የሚላቸው።

ጋሼ ተነሱ። «አልዋሸሁም። ጎድሏል ብዬ ነግሬዎታለሁ፣ አይተው ይታያል አሉኝ» አሉት፣ ያንን ጎረምሳ እርስዎ ብለው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ልጄ ታውቃለች። እሷ ሳታይ አታስሞላም።»

ሁሉም አዩኝ። «አልወጣሁም» ማለት ብቻ ነበር፤ አንዲት ቃል ናት። እኔን ብሎ መሐንዲስ! ፊቴ ያለውን ወረቀት ሳገላብጥ ሥራ አስኪያጁ ዝምታዬን እንደ መልስ ቆጠረውና ጋሼ ከነገ ጀምሮ እንዳይመጡ ወሰነ። ስለ መተማመን የሚሰጠው ሥልጠናም ለስላሳው ከታደለ በኋላ ቀጠለ።

በተቆጣጣሪው እስከ ዛሬ እንደተናደድኩ ነው፣ አልደብቅም። ግን እሱ ጋሼን አላመናቸውም፣ ጋሼም እሱን ብዙ አላመኑትም። እሳቸው ያመኑት እኔን ነበር።

ሥልጠናውን ጥዬ ወጥቼ የግቢው በር ላይ ደረስኩባቸው። ፒንሳቸውን በጋዜጣ እየጠቀለሉ ነበር። «ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ። እኔ ወጥቼ እንዳላየሁ ነገ ጠዋት ለሥራ አስኪያጁ እነግረዋለሁ። ይመልስዎታል» አልኳቸው።

ልጄ አላሉኝም። ፒንሳውን ኪሳቸው ከተው ባጃጅ አስቆሙና አንድ እግራቸውን አስገብተው ዞር አሉ።

«ይታያል» አሉኝ።