ያልጠጣሁት አረቄ

ሳልጠጣ ሰካራም ተብዬ ከሥራ ተባርሬያለሁ። ያባረረኝ ካቦው ነው፤ እውነቱን እያወቀ ዝም ያለው ግን ጓደኛዬ ነበር።

ዛሬም በምኖርባት በሰቃ ከተማ ፀጉር አስተካካዩ ከመንጋጋዬ ሥር ጠባሳው ላይ ሲደርስ ምላጩን ቀስ ያደርጋል። ጨርሶ አልኮሉን ሲረጭብኝ፣ ሽታው ያን ሰሞን ይዞብኝ ይመጣል።

ቃሊቲ አንድ መጋዘን ውስጥ ሲሚንቶ እናራግፍ ነበር። ጉልበት እንጂ ፊደል አልነበረኝም። የታችኛው ጥርሴ ታሞ ሰንብቶ ጉንጬን ሲያሳብጠው አብሮኝ የሚያራግፈው ጓደኛዬ "ቶንሲል ነው" አለ። ለእሱ ከደረት በላይ ያለ ሕመም ሁሉ ቶንሲል ነው። አረቄ አመጣና "እንዳትውጠው፤ ያዘውና ትፋው። ይገድልልሃል!" አለኝ። ማታም ጠዋትም ተጉመጠመጥኩ። የገደለው ነገር የለም። አንገቴ እንደ ድንጋይ ጠጠረ፣ አፌ አልከፈት አለ፣ መዋጥ ያቃተኝ ምራቅ ደረቴ ላይ ይዝረበረብ ጀመር።

በዚያ ሁኔታ ሥራ ገባሁ። ካቦው በሩ ላይ አስቆመኝ።

"ምን ሆነሃል?"

ልመልስለት ብሞክር የወጣው ትኩስ ድንች የጎረሰ ሰው ድምፅ ነው። ጠጋ ብሎ አሸተተኝ። "በጠዋቱ! ውጣልኝ አንተ ሰካራም!"

ወደ ጓደኛዬ ዞርኩ። ጎንበስ ብሎ ጫማውን ማሰር ጀመረ። መጻፍ ብችል ኖሮ በጣቴ አቧራው ላይ "አመመኝ" ብዬ እጽፍ ነበር። አልችልማ!

ከሰዓት ሹልክ ብሎ ቤቴ ሲመጣ፣ መተኛት አቅቶኝ ቁጭ ብዬ አየር ስስብ አገኘኝ። አዝሎኝ ወደ አስፋልቱ ሮጠ። ባጃጅ ውስጥ የከባድ መኪናው ጡሩምባ፣ የናፍጣው ጭስ፣ የእሱ ጩኸት! "ርገጠው ወንድሜ፣ ሰው እየታፈነብኝ ነው!"

ሐኪም ቤት አንዲት ወጣት ዶክተር "አፍህን ክፈት" አለችኝ። አንድ ጣት እንኳ አላስገባ አለ። አገጬን ከሥር ተጫነችው።

"ቶንሲል ነው አይደል፣ ዶክተር?" አላት።

"ጥርሱ ነው። መግሉ አንገቱ ውስጥ ገብቶ የአየር ቧንቧውን እየገፋው ነው። አሁኑኑ መከፈት አለበት።" ከዚያ አሸተተችኝ። "አረቄውን ያዘዘለት ሐኪም ማን ነው?"

ጓደኛዬ ወለሉን አየ። እየታፈንኩ እንኳ ሳቄ መጣ።

ከዚያ በኋላማ ሩጫ ነው! በደም ሥሬ መድኃኒት ለቀቁ፣ አንገቴን በማሽን ፎቶ አነሱ፣ ሳያስተኙኝ በአፍንጫዬ ቱቦ አወረዱ። ያ አየር! ሳንባዬን ሲሞላው እንደ አዲስ የተወለድኩ መሰለኝ። በማደንዘዣ ያስተኙኝ ከዚያ በኋላ ነው፤ ስነቃ ጥርሴ ተነቅሏል፣ ከአንገቴ የጎማ ማፍሰሻ ተንጠልጥሏል። ነርሷ "የመግልህ ሽታ ኮሪደሩን ሞላው እኮ" ስትለኝ፣ ምን ይዋሻል፣ ኩራት ኩራት አለኝ።

ድኜ ሥራዬን ልጠይቅ ወደ መጋዘኑ ሄድኩ። ካቦው ይቅርታ የሚባል ነገር አያውቅም። "ጓደኛህ አረቄውን የሰጠሁት እኔ ነኝ ብሎ ነግሮኛል። ግባ" አለኝ፣ በቃ። በእኔ ፈንታ እሱን አሰናብቶታል።

ጓደኛዬ ልብሱን በፌስታል ይዞ ሲወጣ በሩ ላይ ተገናኘን።

"እስቲ አፍህን ክፈት" አለኝ።

እንደ ጅብ ከፈትኩለት። ሳቀ። ከዚያ ከቤተ ክርስቲያን በሚመለሱት ነጠላ ለባሾች መሃል ወደ ሳሪስ አቅጣጫ ሄደ፤ ዳግም አላየሁትም። ጎልምሼ ፊደል ስቆጥር መጀመሪያ የጻፍኩት "አመመኝ" የሚለውን ነው። የሚያነብልኝ እሱ ቢሆን ደስ ባለኝ።

ያ የተለያየንበት ቀን የመጋቢት አቦ ዕለት ነበር።