የሌለው እግሬና የቦዩ ድርሻ

ሕመሙ የጀመረኝ በማሳከክ ነው። የግራ እግሬ፣ ከአውራ ጣቴ ሥር፣ አሳከከኝ። ለማከክ እጄን ሰደድኩ። እጄ አንሶላ ነካ። እግሬ ከጉልበት በታች ተቆርጧል።

ወታደር ነበርኩ። ፈንጂ ረገጥኩ። ስለ ጦርነቱ ከዚህ በላይ አልጽፍም፤ ሌላ ሰው ይጻፈው። እኔ የምጽፈው እጁን ወይም እግሩን አጥቶ፣ የሌለ ገላው እያመመው፣ «አብጄ ይሆን?» እያለ ዝም ላለ ሰው ነው። አላበድክም። አላበድሽም።

ከማሳከኩ ቀጥሎ ማቃጠል መጣ። ከዚያ ቁርጥማት። ጣቶቼ ተጨብጠው አልዘረጋ አሉኝ። የሉም። ያማሉ። ነርሷ ስትጠይቀኝ «ቁስሉ ነው» አልኳት። ሌላ ምን ልበላት? ቁስሉ ግን ደህና አድርጎ እየሻረ ነበር።

እናቴ ከቆቦ መጥታ ታስታምመኝ ነበር። በመጨረሻ እውነቱን ለእሷ ነገርኳት። «እግርህን የት ቀበሩት?» አለችኝ። አላውቅም አልኳት። «በቃ ጣቶቹን አጣጥፈው ነው የቀበሩት! ወላሂ፣ ዘርጋ አድርገው ቢያጋድሙት እንዲህ አያምህም ነበር» ብላ ነጠላዋን አጣፋች። ቦታውን ብነግራት ሄዳ ልትቆፍር ነበር። ከተቆረጥኩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅሁ፤ ሳቄን የሰማችው ሐኪም መጥታ ምን እንደተባለ ጠየቀች። ነገሩ በዚህ ወጣ።

«ሕመሙ እውነተኛ ነው፤ ፋንተም ሊምብ ፔይን፣ የሌለ አካል ሕመም ይባላል» አለችኝ። «አንጎልህ እግርህን ገና አላሰናበተውም። አሁንም ያዝዘዋል። መልስ ሲያጣ ያመዋል።» አሚትሪፕቲሊን የሚባል ኪኒን አዘዘችልኝና ወደ ፊዚዮቴራፒ ላከችኝ።

ፊዚዮቴራፒስቷ ረጅም መስታወት በእግሮቼ መሀል አቆመች። ወደ መስታወቱ እንዳይ ነገረችኝ። አየሁ። የቀኝ እግሬ ምስል በጎደለው ቦታ ገብቶ፣ ሁለት እግር ነበረኝ። አለቀስኩ። «ሁለቱንም ጣቶች ዘርጋ» አለችኝ። ዘረጋሁ። የተጨበጡት ተፈቱ።

መስታወቱ ሕመሙን አቀለለልኝ፤ ናፍቆቱን ግን አባሰብኝ። ሰው እግሩ ሲቆረጥ መራመድ ብቻ የሚናፍቀው ይመስላችኋል። እኔ የናፈቀኝ ጭቃ ነው። የራያ ገበሬ ከዝናቡ ይልቅ ጎርፉን ይጠብቃል፤ ክረምት ሲገባ ከላይ ከተራራው ዘንቦ፣ ዓመቱን ሙሉ ደርቆ የከረመው ወንዝ እያጓራ ሲወርድ፣ በቆፈርነው ቦይ ጠልፈን ወደ ማሽላው እንለቀዋለን። ያኔ ሱሪህን ሰብስበህ መሀሉ ትገባለህ፤ ለብ ያለው ደለል በጣቶችህ መሀል እየተሽሎከለከ ይወጣል፣ ጎረቤትህ ከታች «ልቀቀው! ልቀቀው!» እያለ ይጮሃል፣ አንተም ትጮሃለህ። ያንን ነው የናፈቅሁት፤ አሁንም ይናፍቀኛል፣ አልዋሽም።

ሰው ሠራሽ እግር ተሠርቶልኝ አገሬ ገባሁ። ጎረቤቶቼ በደቦ እርሻዬን አርሰው፣ ዘርተው፣ አርመው ጠበቁኝ። ማሽላው ከእኔ ቁመት በልጦ ነበር። የእያንዳንዱን እጅ እየሳምኩ አመሰገንኩ። በዓመቱም እንዲሁ አረሱልኝ። እኔ ከጥላ ሥር ተቀምጬ፣ እንደ እንግዳ ሽሮ እየቀረበልኝ፣ በገዛ እርሻዬ ላይ ሰው ሲሠራ አያለሁ።

ከዚያ የቦይ ጠረጋ ደረሰ። በእኛ ዘንድ ክረምት ሳይገባ ደለሉ ከቦዩ ይወጣል። የውሃ አባት የምንለው ሽማግሌ ለእያንዳንዱ ባለመሬት ድርሻውን በገመድ ይለካል፤ የዘገየ ሰው ድርሻው እጥፍ ይሆንበታል። ያልቆፈረ ደግሞ ስለ ውሃው አይናገርም። ደንቡ ያረጀ ነው፤ ማን እንዳወጣው የሚያውቅ የለም።

እኔን የጠራኝ የለም። የውሃ አባታችን ጋሽ ሞላ በደጄ ሲያልፉ «አንተንማ ምረንሃል» አሉኝ። ደግ ሰው ናቸው። ግን የውሃ ተራ ሲመከር እጄን ባነሳ «አብሽር፣ ያንተን እኛ እናስብልሃለን» ብለው ወደ ሌላው ዞሩ። የዚያ ዓመት ጎርፍ ለእኔ ማሳ መጨረሻ ላይ ደረሰ፤ ትንሽ ነበር። ያንን ችዬው ነበር። ያንገበገበኝ በአገሬ፣ በወንዜ፣ በዘመዶቼ መሀል አፍ የሌለው ሰው መሆኔ ነው። እግሬን ፈንጂ ወሰደው፤ ድምፄን የወሰደው ፍቅር ነበር፣ ፍቅርን ደግሞ ማን ዘንድ ትከሳለህ?

ሕመሙ ተመለሰ። ኪኒኑም መስታወቱም አልመልሰው አሉ። ለክትትል ስሄድ ፊዚዮቴራፒስቷ «ቀኑን በምን ታሳልፋለህ?» አለችኝ።

«ተቀምጬ።»

«ማን ከለከለህ?»

«ማንም። ስለሚወዱኝ ነው።»

አልሳቀችም። «መድኃኒቱን አታቋርጥ። ግን ሥራ የሌለው ሰው ውሎው ሁሉ ሕመሙን ማዳመጥ ይሆናል። ለገላህ ሥራ ስጠው» አለችኝ።

በሚቀጥለው ጠረጋ ዶማዬን ይዤ ቦዩ ዳር ደረስኩ። ጋሽ ሞላ ዶማውን ከእጄ ሊቀበሉኝ መጡ። «ኧረ ስለ ማርያም! ሰው ምን ይለናል? አካል ጉዳተኛ አስቆፈሩ አይለንም?»

«ድርሻዬን ይለኩልኝ፣ ጋሽ ሞላ። ካልጨረስኩ ይቅጡኝ።»

«አንተን መቅጣትማ ግፍ ነው!»

ደሜ ፈላ። «የማይቀጣው ሕፃንና ሬሳ ነው። እኔ የትኛው ነኝ?» አልኳቸው። ከሚገባው በላይ ጮኼ ነበር። የሚቆፍረው ሁሉ ቆመ። ጋሽ ሞላ አዩኝ፣ መሬቱን አዩ፣ ከዚያ ገመዱን አነሡ። ሳያሳንሱ ለኩልኝ።

ሰው ሠራሹን እግር አውልቄ፣ ቦዩ ውስጥ ተቀምጬ፣ እጀታው ባጠረ ዶማ እየቆፈርኩ ደለሉን በእጄ አወጣሁ። ከሁሉም መጨረሻ ጨረስኩ፤ ጨረስኩ ግን። ከጎኔ ድርሻ ያላት ዓይነ ስውሯ ብርቄ፣ ባሏ ከሞተ ጀምሮ ወንድሟ እየቆፈረ ስለ ውሃዋም ወንድሟ እየተናገረላት የኖረች ሴት፣ ነገሩን በወሬ ሰምታ ሳምንት ሳይሞላ ቤቴ መጣች። «እኔስ? እጄ እኮ ደህና ነው» አለችኝ። ከእሷ ጋር ሆነን እንደ እኛ ያሉ ሌሎችን ፈለግን። የውሃው ምክክር ገደል ተሻግሮ መሆኑ ቀርቶ ክራንች የያዘ ሰው በሚደርስበት ሜዳ ላይ እንዲሆን ተሟገትን፣ ሆነ። የቀበሌው ቢሮ ደረጃ አጠገብ ተዳፋት መውጫ እንዲሠራ ጠየቅን፤ ሲጓተት ድንጋዩን ራሳችን አቀበልን። አሁን ከጎብዬ እስከ ሮቢት እየተዘዋወርኩ አካል ጉዳተኞችን አስተባብራለሁ፤ «ምረናችኋል» በተባለበት ሁሉ እንደርሳለን፣ አንዳንዱ ይቆጣናል፣ አንዳንዱ ይሰማናል።

ሕመሙ ዛሬም አልፎ አልፎ ይመጣል። መጥቶ ይሄዳል። እንደ እኔ ለታመማችሁ የምለው ይኸ ነው፤ በሌለ ገላችሁ ያለውን ሕመም ለሐኪም ሳታፍሩ ንገሩ፣ ስም አለው፣ መድኃኒትም አለው። ኪኒኑን ተሻለኝ ብላችሁ በራሳችሁ አታቁሙ። ሐኪሞቹ ስታምፕ የሚሉትን፣ እኔ ጉቶ የምለውን የእግር ቅሪት፣ ማታ ማታ አጥቡት፣ አድርቁት፣ በመስታወት እዩት፤ እኔ አንዴ ጭቃ የገባበትን ሰው ሠራሽ እግር ሳላደርቅ አጥልቄ ውዬ ቆስዬበት ብዙ ሰንብቻለሁ። ለምታስታምሙ ደግሞ፣ እጃችሁ ይባረክ፤ ግን ሰውየው የሚችለውን ሥራ ከእጁ አትውሰዱበት፣ ሥራውን ስትወስዱ ከእሱ ጋር ምን እንደምትወስዱ አታውቁም። ሐኪሞቼን፣ ያረሱልኝን ጎረቤቶቼንና የእግሬን መቃብር እስከ ዛሬ የምትጠይቀኝን እናቴን አላህ ይስጥልኝ።

ዘንድሮ በጠረጋው ቀን ዘገየሁ። እግሬ አልነበረም ምክንያቱ፤ ቆቦ ሻይ ቤት ወሬ ይዞኝ ባጃጅ አመለጠኝ። ስደርስ ሰው ሁሉ ሥራ ጀምሯል። «እግሬን አሞኝ ነው» ብል ይምሩኝ ነበር፤ ቃሉ ምላሴ ላይ መጥቶ ነበር።

«ወሬ ይዞኝ ነው» አልኩ።

ጋሽ ሞላ ቀና ብለው እንኳ በደንብ አላዩኝም። ገመዱን አንድ ጊዜ ዘረጉ፤ ካበቃበት ተነሥተው እንደገና ዘረጉ። «እጥፍ» አሉ። አንድ ሰው «ይበለው!» አለ፣ ሌሎቹ መቆፈራቸውን ቀጠሉ።

አልሐምዱሊላህ አልኩና ቦዩ ውስጥ ገባሁ።