የሞተ ወንድሙ የተቆጠረለት ሰውዬ

ይበልጣል ወንድሜ፣ ዛሬ በአንድ አሜሪካዊ ቀናሁ።

በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ያነበብነው፣ አሜሪካ በእንግሊዝ ሥር ሳለች አንዱን ግዛት ስለመራ ሰው ቤተሰብ ነው። አባቱ፣ አያቱ፣ አራት ወንድሞቹ ሁሉ ተጽፈዋል።

«አንዱ በልጅነቱ ሞቷል፤ ሦስት አይባልም ቲቸር?» አልሁ።

«ቢሞትስ ወንድሙ አይደል?» አሉኝ።

ከኋላዬ አንዱ «የፈረንጅ ሙት ይቆጠራል» ብሎ ክፍሉን አሳቀ። እኔም ትንሽ ሳቅሁ።

መስከረም ላይ የትምህርት ቤቱን ቅጽ ስሞላ ግን አጎታችን «የሞተ አይቆጠርም» አለኝና «ወንድም የለኝም» ብዬ ጻፍሁ። የቀናሁትም ለዚህ ነው።

እናንተ ይህን የምታነቡስ፣ ስንት ናችሁ ስትባሉ የሞተውን ትቆጥራላችሁ?

እኔ፣ ወንድሜ ይበልጣል ከተቀበረ በኋላ፣ ደብረ ማርቆስ ከእሱ ጋር በተከራየናት ክፍል ብቻዬን በነቃሁበት የመጀመሪያ ጠዋት፣ ዳቦውን ለሁለት ቆርሼ ግማሹን ከድኜለት ትምህርት ቤት ሄድሁ።