የቆጦቹ ፕሮፌሰር

ኔሬይዳ ኪያላ ሃባና ውስጥ አርክቴክቸር ስታስተምር ጸጉሯ ሸበተ። እኔ መጀመሪያ ተማሪዋ፣ በኋላም ባልደረባዋ ነበርኩ። ሌሎቹ መምህራን ስለ ካቴድራሎችና ስለ ባለሀብት መኖሪያዎች ሲጽፉ እሷ የምታጠናው ቆጥ ነበር። የአሮጌ ቤቶቻችን ጣራ ከፍ ያለ ነው፤ ልጅ አግብቶ የሚገባበት ሲያጣ፣ ቤተሰቡ እንጨትና ውራጅ ብረት ለቃቅሞ አንዱን ክፍል ላይና ታች ያደርገዋል፤ ቆጥ የምንለው ያን ላይኛውን ነው።

የዶክትሬት ጥናቷን ስታቀርብ ከፈታኞቹ አንዱ «ቆጥ የዶሮ ነው፤ እኛ የምናስተምረው የሰው ቤት ነው» ብሎ አዳራሹን አሳቀ።

«እኔም ያደግኩት ቆጥ ላይ ነው» አለችው። «እንቁላል አልጣልኩም እንጂ።»

ማዕረጉን ሰጧት። ያን ሰሞን አንድ ሕንጻ አይታ የወለሉ ተሸካሚ እንጨቶች ጫፋቸው በእርጥበት መበስበሱን ለቤቶች ጉዳይ ኃላፊዎች ጻፈች። ነዋሪዎቹ ለጥቂት ወራት ተብለው መጠለያ ገቡ፤ ዓመታት አለፉ፣ ከዚያ የወጣ የለም። ሕንጻው ግን አልወደቀም። ሌሎች ሰዎች ቁልፉን ሰብረው ገቡበት።

ከዚያ ወዲህ በሰፈሩ ስታልፍ «ሜትሯን ይዛ መጣች፤ ሻንጣችሁን አዘጋጁ» ይሏት ጀመር። በር ተዘጋባት። ስለዚህ አሠራሯን ለወጠች፦ አደጋ ስታይ ለነዋሪው በቃል ትነግራለች፣ ለኃላፊዎች አትጽፍም። በሮቹ ተከፈቱላት፤ ጥናቶቿም ውጭ አገር ድረስ ተነበቡ።

ኦኔሊዮ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነበር። ከልጁ ከያሪስሌይዲ ጋር ሁለተኛ ፎቅ ላይ ይኖራል፤ እሱ ታች፣ እሷ ቆጡ ላይ። ኔሬይዳ አንድ ቀን ቆጡ የተንጠለጠለበትን ግድግዳ በጣቷ ስትጫነው ልስኑ እንደ እርጥብ ዳቦ ገባላት።

«ይሄ አይቆይም፣ ዶን ኦኔሊዮ» አለችው። «ጣራው ላይ ያለውን የውሃ ጋን ያስወርዱ። ያሪስም ታች ትተኛ።»

«ጋኑ የጎረቤት ነው፤ እሺ አይለኝም። አንቺ ግን ልትጽፊ ነው እንዴ?»

ጣቷ ላይ የቀረውን ልስን በቀሚሷ ጠረገች።

«ስሚኝ ልጄ፣ ወንድሜ መጠለያ ነው የሞተው፤ በግድግዳ ፈንታ በመጋረጃ ተከፍሎ፣ የሰው ሳል እየሰማ። እዚህ ልሙት።»

ያሪስሌይዲ ከላይ ሆና ሳቀች። «እሱ ይሙት እንጂ እኔ ምን አደረግኩ? ፕሮፌ፣ ጓቫ ጭማቂ ልስጥሽ?»

ኔሬይዳ ጭማቂውን ጠጣች። አልጻፈችም።

ሰኔ ላይ ሲዘንብ ሰነበተ። ቤቶቻችን የሚወድቁት ዝናብ አባርቶ ጸሐይ ስትወጣ፣ ግድግዳው ሲደርቅና ሲሰነጠቅ ነው። ኦኔሊዮ ጠዋት የራሽን ዳቦ ሰልፍ ላይ ቆሞ ድምፁን ሰማ። ሲደርስ መንገዱ አቧራ ብቻ ነበር። የልጁን አስከሬን ከሰዓት በኋላ ከፍርስራሹ አወጡ።

ኔሬይዳ በፋኩልቲው ስብሰባ ላይ ተነስታ «አውቅ ነበር» አለች።

ዲኑ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አንቺ አይደለሽም የገነባሽው፤ ቃለ ጉባኤ ላይ አይግባ» አላት። የቀጣት አልነበረም። ይህ ባሰባት መሰለኝ።

ከዚያ በኋላ ያየችውን ሁሉ መጻፍ ጀመረች። አንዳንዱ ሰው ይሰድባታል፤ አንዲት ሴትዮ ከሰገነት ላይ የእጣቢ ውሃ ደፍታባታለች። እሷ ግን የጻፈችባቸው ሰዎች ሲወሰዱ አብራ ሄዳ ዕቃ ትሸከማለች፣ ቤት እንዲሰጣቸው በየቢሮው ትከራከራለች። እስካሁን የተሳካላት ለጥቂቶች ነው።

ኦኔሊዮም በመጨረሻ መጠለያ ገባ። እሁድ እሁድ ጥቁር ባቄላና ሩዝ ይዛለት ትሄዳለች። አንድ ጊዜ አብሬያት ሄጄ ነበር። አላናገራትም። ሂጂ ግን አላላትም። ሳህኑን ተቀብሎ ፊቱን ወደ መጋረጃው አዙሮ በላ፤ እሷም ጨርሶ እስኪመልስላት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ጠበቀች።