«ቨርሊንማ አይቀበልም»

እዚህ አሜሪካ፣ አዮዋ ውስጥ፣ በእኛ አውራጃ፣ በመንግሥት ገንዘብ ላይ እንደ ቨርሊን ስኮገን አፉን የከፈተ ሰው የለም። ከብት አርቢ ነው፤ የጎረቤት ማሽን ሲሰበር ሳይጠሩት የሚደርስ ደግ ሰው። እህል መጋዘኑ ውስጥ ካለው የቡና ጠረጴዛ ከተቀመጠ ግን ወሬው አንድ ነው፦ «እጁን ለመንግሥት የሚዘረጋ ገበሬ እርሻውን ዘግቶ ከተማ ይግባ!» እኛ እንስቃለን። ድጎማ የወሰደው አንገቱን ደፍቶ ቡናውን ይጠጣል።

የኮሮና ወረርሽኝ ሲመጣ ቄራዎቹ ተዘጉ። የቨርሊን ጎረቤትና የልጅነት ጓደኛው ዴል ብራንድስማ ለአንድ ኩባንያ አሳማ ያደልባል። አሳማዎቹ መውጫ አጡ፣ ጋጣው ሞላ፣ በመጨረሻም ኩባንያው ግደላቸው አለው። ቨርሊን ትራክተሩን ነድቶ መጥቶ አብሮት ቀበረ፤ እኔም ነበርኩ። ዴል ከጋጣው ጀርባ ሄዶ እንደ ልጅ ሲያለቅስ ሁለታችንም አይተን እንዳላየን ሆንን።

ከዚያ ለገበሬው የመንግሥት የእርዳታ ገንዘብ መጣ። ዴል ሄዶ ቢጠይቅ «አሳማዎቹ ያንተ ናቸው?» አሉት። የኩባንያው ናቸዋ! ባዶ እጁን ተመለሰ። የቨርሊን ከብቶች ግን የራሱ ነበሩ። አብዛኞቹን ዋጋ ሳይወድቅ በደህና ገንዘብ ሸጧል፤ ሕጉ ለተሸጡትም ይከፍላል። ሚስቱ ማርሊስ «ማመልከቻውን ፈርም» አለችው፣ ፈረመ። ሕጋዊ ነው፣ ማንም አይከሰውም።

በመከር ወራት አንድ ጠዋት፣ ዘር ሻጩ ኬንት ጠረጴዛው ላይ ነገር ጀመረ።

«ዘንድሮ የመንግሥት ገንዘብ ያልተቀበለ ካለ እስቲ እጁን ያውጣ!»

ሁሉም ሳቀ። እጅ ያወጣ የለም።

«እኔን ተወኝ፣ ለምኜም አላገኘሁ» አለ ዴል። «ቨርሊንማ አይቀበልም። ከሚቀበል ሞቶ ይገኛል። አይደል ቨርሊን?»

ቨርሊን ኩባያው ውስጥ አየ። «ይሄ ዝናብ ካላባራ በቆሎው ማሳ ላይ መበስበሱ ነው» አለ።

«አያችሁ፣ ሰውየው መልስ መስጠት እንኳ አይፈልግም!» አለ ኬንት። እኔ ግን መፈረሙን ሰምቼ ስለነበር አፈርኩለት፣ የምገባበት ጠፋኝ። ተነስቼ ወጣሁና መኖዬን መጫን ጀመርኩ።

ትንሽ ቆይቶ ዴል ወደ መኪናው ሲሄድ ቨርሊን ከኋላው ሮጦ ደረሰበት።

«ዴል፣ ወስጃለሁ።»

«አውቃለሁ። ማርሊስ ለሚስቴ ነግራታለች።»

«ታዲያ ለምን እንደዚያ አልክ?»

«ወስጃለሁ እንድትል ነዋ! ሰው ሁሉ ባለበት። ስንቱን ሰው ነው እዚያ ጠረጴዛ ላይ ያሸማቀቅከው?»

«ግማሹን ልስጥህ።»

«ገንዘብህን ማን ጠየቀህ? ግባና ንገራቸው። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

ዴል መኪናውን አስነስቶ ሄደ። ቨርሊን ዝናብ እየመታው ትንሽ ቆመ፤ ከዚያ ባርኔጣውን አውልቆ ገባ። ሊናገር ነው ብዬ መኖውን ትቼ ተከተልኩት።

ጠረጴዛው አጠገብ ደርሶ አልተቀመጠም። ሁሉም ቀና ብሎ አየው። ፊቱ እስከ ጆሮው ቀልቷል። አፉን ከፈተ።

«ለማን ቡና ልጨምር?» አለ።

ለሁላችንም ቀዳልን። ዴል ከዚያ ቀን ወዲህ እዚያ ጠረጴዛ ተቀምጦ አያውቅም።