ለመዝናናት ሄደን ለቅሶ ተቀመጥን

እናቴ ካረፈች በስምንተኛው ወር አባቴ መናገር ሊያቆም ምንም አልቀረውም ነበር። ጠዋት «እንዴት አደርክ?» ስለው «ደህና» ይላል። ምሳ ሳቀርብለት ሁለት ጉርሻ ይጎርስና «ጠገብኩ» ይላል። ከዚያ ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ካለው መስኮታችን አጠገብ ተቀምጦ መኪና ወደሚታጠብበት ግቢ ቁልቁል ሲያይ ይውላል። ጺሙን አልተላጨም፤ ጥቁር ኮቱንም አላወለቀም። ኮቱ ትከሻው ላይ እየሰፋው መጣ። በሰፈራችን ባል ሚስቱን ተከትሎ ሲሄድ አይቻለሁ፤ የሚስት ድንኳን ሳይነቀል ባል የተቀበረበት ቤት አውቃለሁ። አባቴም ሊሞትብኝ ነው ብዬ ፈርቼ ነበር።

እኔ ደግሞ ስፈራ ትእዛዝ አበዛለሁ። እናቴ ስትሞት ከዕድሩ ድንኳንና ወንበር ያስመጣሁት፣ ቄሶቹን ያነጋገርኩት፣ የአርባውን ሰው የጠራሁት፣ የትኛው ድስት ከየትኛው ጎረቤት እንደመጣ ለይቼ የመለስኩት እኔ ነኝ። ታናሽ ወንድሜ «አንቺን የወረዳ ሊቀመንበር አለማድረጋቸው ለሕዝቡ በማሰብ ነው» ይለኛል። ከሰማንያዋ በኋላ አንድ ሕግ አወጣሁ፦ ከእንግዲህ በዚህ ቤት ስለ እማዬ አይወራም። ስሟ በተነሳ ቁጥር የአባቴ እጅ ሲንቀጠቀጥ ስለማይ ነው። ፎቶዋን ከግድግዳው አውርጄ ቁም ሳጥን ውስጥ አስገባሁት። ጎረቤቶቻችንንም ደረጃ ላይ እያስቆምኩ «እባካችሁ ስሟን አታንሱበት» አልኳቸው። እነሱም አደራዬን አከበሩ፤ አባቴን ሲያገኙት ስለ ውሃ መጥፋት አውርተው ያልፋሉ።

አባታችንን ለጥቂት ቀን ከከተማ እናውጣው ብለን ስንመክር ዕረፍት ቤቱን ያገኘው ወንድሜ ነው፤ ስልኩ ላይ ሲፈልግ። እኛ ሪዞርት ሲባል የምናውቀው የሰው ሰርግ ተጠርተን የሄድንበትን ነው። ይሄኛው ግን አፓርታማ ነበር፤ ሁለት መኝታ ክፍል፣ ሳሎንና ወጥ ቤት ያለው፣ ደጋ ላይ፣ ጽድ ዛፍ መሃል። ዝናብ እየጀማመረ ሲመጣ ወደ ብርድ የሚሄድ ሰው ስለሌለ ዋጋው ወርዶ ለእኛም የሚቻል ሆኗል። ለአባቴ ስነግረው «ሄጄ ምን ልሠራ?» አለኝ።

«አየር ልትቀይር ነዋ።»

«እዚህም አየር አለ።»

በሳምንቱ ውስጥ ከተናገረው ረጅሙ ይሄ ነበር። ስለዚህ እምቢታውን እንደ ጥሩ ምልክት ቆጥሬ ዕቃ ማሰናዳት ጀመርኩ።

የእኛን ዕቃ አሰነዳድ ያየ ሰው አገር ለቅቀን የምንሄድ ይመስለዋል። ለሦስት ቀን እንጀራ በፌስታል፣ ሽሮ፣ በርበሬ፣ ድስት፣ ብርድ ልብስ፣ የአባቴ የራሱ ትራስ። ወጥ ቤት አለው ከተባለ ድስት ይኖረዋል ብሎ የሚያምን ሰው በቤታችን አልተወለደም። ደረጃውን በጓዝ ተጨናንቀን ስንወርድ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ያሉት ሴትዮ የአባቴን ጥቁር ኮትና ጺም አይተው ደረታቸውን ያዙ። «ምነው፣ ደግሞ ማን አረፈ?» አሉኝ። «ኧረ ማንም! ለመዝናናት ነው» አልኳቸው። አንዴ አባቴን አንዴ እኔን አዩና «ይሁን እንግዲህ» ብለው መንገድ ለቀቁልን። ወንድሜ መኪናው ጋ እስክንደርስ ሳቁን መያዝ አልቻለም።

በቡራዩ አድርገን ሆለታን አለፍ እንዳልን ብርዱ በመስኮት ገባ። መንገዱን ግራና ቀኝ የድንች ማሳና አረንጓዴ መስክ ይዞታል። አባቴ ፊት ወንበር ላይ ኮቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ ተቀምጧል። ቦታው ስንደርስ ስልኩ ላይ ባየነው ፎቶ ሰማያዊ የነበረው መዋኛ ባዶውን ነው፤ እታች የተጠራቀመው የዝናብ ውሃ ውስጥ እንቁራሪት ይጮሃል። ቤቱ ግን ንጹሕ ነበር። እኛ የደረሰን የላይኛው፣ ከቆርቆሮው ጣሪያ ሥር ያለው ነው። ከበረንዳው ላይ ጉም ጽዱን ሲሸፍነውና ሲገልጠው ይታያል። ደስ አለኝ፤ እዚህማ ይናገራል፣ እዚህማ ይበላል አልኩ በልቤ።

ሥራ አስኪያጁ ቁልፍ ይዞ መጣ። ለእኛ ከመስጠቱ በፊት ቆቡን አወለቀና አባቴ ፊት ጎንበስ ብሎ «አባባ፣ እግዚአብሔር ያጽናዎት» አለ።

ወንድሜን ወደ ወጥ ቤቱ ጎትቼ አስገባሁት። «ምን ብለህ ነው የነገርከው?»

«ምንም! አባታችን ሐዘን ላይ ስለሆነ ጸጥ ያለ ክፍል ስጠን ነው ያልኩት።»

«አንተ ክፍል አልያዝክም፣ ለቅሶ ነው ያስመዘገብከው!»

«ጸጥ ያለ ነው ያልኩት እኮ» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

በማግስቱ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ በሩ ተንኳኳ። ስከፍተው ኮሪደሩ በሰው ተሞልቷል። ሥራ አስኪያጁ አለ። ክፍል የምታጸዳዋ ሴት ነጠላዋን አዘቅዝቃ ቆማለች። ዘበኛው ዱላውን ግድግዳ አስደግፎ ቆሟል። ከታችኛው አፓርታማ ያሉ እንግዶች፣ አንዲት አሮጊትና ልጃቸው ከነባሏ፣ ትልቅ ድፎ ዳቦ፣ ቆሎና ፔርሙስ ይዘዋል። አንድ ሐዘንተኛ ካለበት ጣሪያ ሥር አድሮ ሳይጠይቁ መቅረት በእኛ አገር ነውር ነው፤ ለቅሶ መድረስ ደግሞ ጊዜ አያልፍበትም። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ግን የአባቴ እጅ ታየኝና በሩን በሰውነቴ ዘግቼ ቆምኩ።

«እግዜር ይስጥልን» አልኩ። «እኛ ግን . . . ለመዝናናት ነው የመጣነው።»

ከአፌ ሲወጣ ጆሮዬ ድረስ ጋልኩ። ማንም አልሳቀም። አሮጊቷ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው «ይሁን ልጄ፣ ትዝናኛለሽ። አሁን አሳልፊን» አሉኝ። አሳለፍኳቸው።

ገብተው ሶፋውን ወደ ግድግዳ ጠጋ አደረጉና ተቀመጡ። እንደ ደንቡ ለጥቂት ጊዜ ዝም ተባለ። እኔ ሳህን ፍለጋ ብድግ ቁጭ እላለሁ። አሮጊቷ ወደ አባቴ ዞሩ።

«ማንዎ ናቸው?»

«ባለቤቴ» አለ አባቴ።

«እግዜር ነፍሳቸውን ይማር። ምን ዓይነት ሰው ነበሩ?»

«እማማ፣ እባክዎን . . .» ብዬ ተነሳሁ። አባቴ እጁን ወደ እኔ ከፍ አደረገ፤ ተይ ማለቱ ነው። እጁ አልተንቀጠቀጠም።

ይህን ጥያቄ ልደታ ውስጥ አንድም ሰው አልጠየቀውም፤ ሊጠይቀውም አይችልም። ሁሉም ያውቃታላ። ድንኳኑ ውስጥ የተቀመጠው ሰው ሁሉ እሱ የሚያውቃትን እናቴን ይዞ ነው የመጣው። አባቴ ግን እሱ የሚያውቃትን እስካሁን ለማንም አልነገረም፤ ልንገር ብሎ ቢያስብ እንኳ እኔ በር ላይ ቆሜያለሁ።

«ቤታችን ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ነበር» ብሎ ጀመረ። «ከጎረቤት የሚለየን አንድ የጭቃ ግድግዳ ነው። እነሱ ሲያነጥሱ እኛ ይማርህ እንላለን። እሷ ደግሞ ገመናዋን የምትጠብቅ ሴት ነች። እንደተጋባን ሰሞን ምን አለችኝ መሰላችሁ፤ የሚያጣላን ነገር ሲኖር ዝናብ እስኪመጣ እንቆይ።»

«ዝናብ?» አለች የጽዳቷ ሴት።

«አዎ ዝናብ። ቆርቆሮው ሲንኳኳ የልባችንን እንጮሃለን። ጎረቤት አይሰማ፣ ልጆቹም አይሰሙ። ሲያባራ ያለንበት ላይ እናቆማለን፤ ያላለቀው ለሚቀጥለው ዝናብ ያድራል። በጋ ሲረዝምባት ታዲያ ሰማይ ሰማይ ታያለች። አንድ ጊዜ በጥቅምት ያልታሰበ ዝናብ ጣለና ከገበያ ሮጣ መጣች። የተሰጣ ልብስ ልታስገባ መስሎኝ ነበር። ለካ ከመስከረም ጀምሮ የያዘችብኝ ነገር ኖሯል!»

ዘበኛው በሳቅ ፈረሰ። አሮጊቷ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። እኔ ሳህን እንደያዝኩ ወጥ ቤቱ በር ላይ ደርቄ ቀረሁ። አባቴና እናቴ ተጣልተው አያውቁም እያልኩ ስንት ሰው ላይ ተመጻድቄያለሁ! የሰው ትዳር ሲበጠበጥ እነሱን ምሳሌ እያደረግሁ እመክር ነበር። ትዝ የሚለኝ ዝናቡ ነው፤ እኔና ወንድሜ ያ ጩኸት ደስ ብሎን ብርድ ልብስ ውስጥ ስንገባ። ቤታችንን ለሁለት ከከፈለው መጋረጃ ማዶ ሁለት ሰዎች እየተጯጯሁ እንደነበር እስከዚያ ቀን አላወቅሁም።

«ከዚያ ቤታችን ፈረሰና ኮንዶሚኒየም ገባን» አለ አባቴ። «ጣሪያችን የሰው ወለል ሆነ። ዝናቡን በመስኮት ታየዋለህ፣ ድምፅ ግን የለውም። ጸባችን በዚያው ቀረ። ሰው ስምም ናቸው አለን። እኔ ግን ጸቧ ናፈቀኝ። ሳልነግራት ሞተች።»

አለቀሰ። አሮጊቷም አብረውት አለቀሱ፤ ማንም «በቃ አሁን» አላለውም። እንባውን ጠርጎ ደግሞ ሌላ አወራ፤ ሰንጋ ተራ አጠገብ ቆማ ታክሲ ስትጠብቅ መጀመሪያ እንዴት እንዳያት፣ ጥርሷ መሃል ስላለው ክፍተት፣ ሲጨንቃት ጨርቅ ሁሉ አውጥታ እንደምታጥብ። ሰዎቹ ሊነሱ ሲሉ ስድስት ሰዓት ሆኖ ነበር። ዳቦውን ትተውልን ሄዱ። አባቴ አንዲት ቁራሽ እንኳ አልቀመሰም፤ እኔም በአንድ በኩል ተስፋ፣ በሌላ በኩል ስሙን ያላወቅሁት ንዴት ይዞኝ ነበር። በስምንት ወር ለእኔ ያልነገረኝን ለዘበኛ ነገረው።

ከሰዓት በኋላ ወንድሜ ነዳጅ ሊቀዳ ወደ ከተማው ወረደ። ጉሙ ጠቆረና ዝናቡ በአንድ ጊዜ ወረደ። ቆርቆሮው ጮኸ፤ አባቴ ከመቀመጫው ተነሳ።

«አንቺ!» አለኝ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቼው በማላውቀው ድምፅ። «የእናትሽን ልብስ ለማን ሰጠሽ?»

«ምን?»

«ልብሷን! በአርባው ማግስት ሳጥኑን ብከፍተው ባዶ!»

«ለልደታ ማርያም ነዳያን ነው የሰጠሁት! ደንቡ ነው!»

«ደንቡን እኔም አውቀዋለሁ! አንድ ነጠላ ብታስቀሪልኝ ምን ትሆኚ ነበር? ፎቶዋንስ ምን አደረገሽ? በገዛ ቤቴ ሚስቴን በስሟ እንዳልጠራ ማን ፈረደብኝ?»

«እንዳትሞትብኝ ነዋ!» ብዬ ጮህኩ። «አትበላ፣ አትናገር፣ ምን ላድርግ? ሁለታችሁንም ልቅበር? ድንኳን ተካይ እኔ፣ ሰው ተቀባይ እኔ፣ ሳህን አጣቢ እኔ! የእኔም እናት ነች እኮ! ማን ትዝ አለው? ማን ነው እኔን እግዜር ያጽናሽ ያለኝ?»

የደጋ ዝናብ እንዲሁ ነው፤ መሃል ላይ ቁርጥ አለ። የመጨረሻዋ ቃሌ ብቻዋን ሳሎኑ ውስጥ ቀረች። እታች በረንዳውን ስትጠርግ የነበረችው ሴት መጥረጊያዋን ስታቆም ተሰማኝ። እውነቱን ለመናገር ሰዎች «እግዜር ያጽናሽ» ብለውኝ ይሆናል። ትሪ ተሸክሜ ስለነበር አልሰማሁም።

አባቴ ኮቱን ቆለፈ፣ ባርኔጣውን አነሳ፣ በሩን ከፍቶ ወጣ፣ ከኋላው ዘጋው። አስቀየምኩት፣ በዚህ ብርድ ወዴት ሊሄድ ነው ብዬ ልከተለው ስነሳ በሩ ተንኳኳ።

ከፈትኩት። አባቴ ባርኔጣውን በሁለት እጁ ደረቱ ላይ ይዞ ቆሟል። እንደ እንግዳ አንገቱን ደፍቶ ገባ። እኔን በክንዴ ይዞ ሶፋው ላይ አስቀመጠኝና አጠገቤ ተቀመጠ። እንደ ደንቡ ለጥቂት ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ «እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ ልጄ» አለኝ። «እናትሽን አውቃታለሁ። ስላንቺ ብዙ ትነግረኝ ነበር።»

ያን ጊዜ አለቀስኩ። በቀብሯ ዕለትም እንደዚያ አላለቀስኩም። አፍንጫዬን እየጠራረግሁ፣ ልማድ ሆኖብኝ፣ የሚቀመስ ላቀርብለት ብድግ ስል እጄን ይዞ መለሰኝ።

«ተቀመጪ። ሐዘንተኛ አይነሳም።»

ራሱ ወጥ ቤት ገባ። ቢላዋው የት እንዳለ ስላላወቀ ድፎውን በእጁ ቆርሶ በሳህን አመጣ። ቆረስ አድርጎ ወደ አፌ አቀረበልኝ። አልበላም አልኩት፤ አልወርድልኝ ብሎ ነው። የሐዘን ቤት ደንብ ነውና ለመነኝ። እኔም እንደ ሐዘንተኛ «አንተ ካልቀመስክ» አልኩት። ቀመሰ። አንዱን ለእኔ፣ አንዱን ለራሱ እያደረገ፣ ስለ እሷ እያወራ፣ ዳቦውን እስከ ቅርፊቱ ጨረስነው።